ጅቡቲ ያገለገለ የአሜሪካ ጦር አባል የቪኤ ሕክምና መብት፦ ለአንድ ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄዎን በአጭሩ ልድገመው። በ2009 በማቭኒ ፕሮግራም፣ ማለትም ለጦሩ የሚያስፈልግ ቋንቋ ወይም የሕክምና ሙያ ያላቸውን የውጭ ዜጎች በሚቀበለው ፕሮግራም፣ የአሜሪካ ምድር ጦርን ተቀላቅለው በ2013 በክብር ተሰናብተዋል፤ ከአገልግሎትዎም ውስጥ የ2011 እና የ2012 የተወሰኑ ወራትን ጅቡቲ በሚገኘው ካምፕ ሌሞኒየር አሳልፈዋል። በ2017 የግል ሐኪምዎ አስም እንዳለብዎት ነግሮዎት ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ኢንሄለር ይወስዳሉ። በ2019 ለቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ማለትም ለቪኤ፣ የሕክምና ምዝገባ አመልክተው ገቢዎ ከተወሰነው መጠን በላይ ነው ተብለው ተመልሰዋል። ቀጥሎም አዲስ ሕግ ወጣ ሲባል ሰምተው ጓደኞችዎን ቢጠይቁ የመመዝገቢያው ጊዜ በ2023 አልፏል አሉዎት። አሁን የሚጠይቁት ይህ እውነት መሆኑን፣ የመሥሪያ ቤትዎ ኢንሹራንስ እንዳይነካብዎት፣ እንዲሁም ባለቤትዎና አብረዋችሁ የሚኖሩት እናትዎ ተጠቃሚ ይሆኑ እንደሆነ ነው። በዚህ ምላሽ የሚጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከዋናው ልጀምር፦ መብትዎ አላለፈም። ጓደኞችዎ የነገሩዎት ቀነ ገደብ በእርግጥ ነበረ፤ አሁን ግን እርስዎን የሚመለከተው ደንብ እርሱ አይደለም። በ2019 የተመለሱበት ምክንያትም ዛሬ ቢያመለክቱ የሚያስመልስ ምክንያት አይደለም።

በ2019 የሆነውን ለመረዳት የቪኤን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ቪኤ ተመዝጋቢዎችን ከ1 እስከ 8 በሚደርሱ የቅድሚያ ምድቦች ይከፍላል። ከፍተኛ የአገልግሎት ጉዳት ያለባቸው በምድብ 1 ይመደባሉ፤ ምንም የተመዘገበ ጉዳት የሌለባቸውና ገቢያቸው ከተወሰነው መጠን የሚበልጥ ደግሞ በምድብ 8 ይወድቃሉ። ከጥር 17 ቀን 2003 ጀምሮ ቪኤ ወደ ምድብ 8 አዲስ ሰው መቀበል አቆመ፤ በ2009 ገደቡን በመጠኑ ቢያላላውም ሙሉ በሙሉ አልከፈተውም። ከጦርነት ቀጣና የተመለሱ ወታደሮች ገቢያቸው ሳይታይ የሚመዘገቡበት ልዩ ጊዜ ነበራቸው፤ ያ ጊዜ ግን በወቅቱ ከተሰናበቱበት ቀን ጀምሮ 5 ዓመት ብቻ ነበር። እርስዎ በ2013 ተሰናብተው በ2019 ሲያመለክቱ 5 ዓመቱ ስላለፈ የቀረው መመዘኛ ገቢዎ ብቻ ሆነ። ስለዚህ የደረስዎት ደብዳቤ በዚያን ጊዜው ሕግ መሠረት ትክክል ነበር። ከዚያ ወዲህ የተለወጠው ሕጉ ነው።

ነሐሴ 10 ቀን 2022 ፕሬዚዳንት ባይደን የፈረሙት ሕግ በተለምዶ ፓክት አክት ይባላል። የተሰየመው ኢራቅ ውስጥ አገልግሎ በ2020 በሳንባ ካንሰር በሞተው የኦሃዮ ብሔራዊ ዘብ አባል፣ በሃምሳ አለቃ ሂዝ ሮቢንሰን ስም ነው። ሕጉ በጦር ሰፈሮች ዙሪያ ቆሻሻ፣ ፕላስቲክ፣ ነዳጅና የሕክምና ተረፈ ምርት ሳይቀር በግልጽ ጉድጓድ ይቃጠል በነበረበት ዘመን ያገለገሉትን ይመለከታል። ለእርስዎ ከሁሉ የሚበልጠው ነጥብ ሕጉ አገሮችን በስም መዘርዘሩ ነው፦ ከመስከረም 11 ቀን 2001 ወዲህ በአፍጋኒስታን፣ በጅቡቲ፣ በግብፅ፣ በዮርዳኖስ፣ በሊባኖስ፣ በሶርያ፣ በኡዝቤኪስታንና በየመን ያገለገለ፣ እንዲሁም ከነሐሴ 2 ቀን 1990 ወዲህ በኢራቅ፣ በኩዌት፣ በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በባሕሬን፣ በኦማን፣ በኳታር፣ በተባበሩት የዓረብ ኤምሬቶችና በሶማሊያ ያገለገለ ሰው ለጎጂው አየር እንደተጋለጠ ይቆጠራል። ከካምፑ አቅራቢያ ማታ ማታ ይነሣ የነበረውን ጭስ እንደሚያስታውሱ ጽፈዋል፤ ይሁን እንጂ ጭሱን ማየትዎን ማስረዳት አይጠበቅብዎትም። ጅቡቲ መመደብዎ ከተረጋገጠ መጋለጥዎን ሕጉ ራሱ ይቀበለዋል። ብዙ ወገኖቻችን ሕጉ የኢራቅና የአፍጋኒስታን ዘማቾችን ብቻ የሚመለከት ስለሚመስላቸው ጅቡቲ የሚለውን ስም አጥብቄ እጠቅሳለሁ።

ወደ ቀነ ገደቡ ልመለስ። ፓክት አክት የ5 ዓመቱን ጊዜ ወደ 10 ዓመት አራዘመ፤ ቀድሞ ለተሰናበቱትም ከጥቅምት 1 ቀን 2022 እስከ ጥቅምት 1 ቀን 2023 የሚቆይ የአንድ ዓመት ልዩ የምዝገባ ጊዜ ሰጠ። ጓደኞችዎ የሰሙት ይህን ነው። ነገር ግን ከመጋቢት 5 ቀን 2024 ጀምሮ ቪኤ በሕጉ ውስጥ ለዓመታት ተከፋፍለው የነበሩትን የምዝገባ ዙሮች በአንድ ጊዜ ከፈታቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ በተዘረዘሩት አገሮች ያገለገለ ሰው በማንኛውም ጊዜ፣ ገቢው ለመግቢያ መመዘኛ ሳይሆን፣ አስቀድሞም የካሳ ማመልከቻ ማስገባት ሳያስፈልገው መመዝገብ ይችላል። የ2019ኙን ውሳኔ ይግባኝ ማለትም አያስፈልግዎትም፤ አዲስ ማመልከቻ ማስገባት ብቻ ነው።

ሌሎቹን ቅድመ ሁኔታዎች እርስዎ አሟልተዋል። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ የተቀጠረ ወታደር በአብዛኛው 24 ተከታታይ ወራት ወይም የተጠራበትን ጊዜ በሙሉ ማገልገል አለበት፤ እርስዎ 4 ዓመት አገልግለዋል። ስንብትዎም የክብር ነው። የአሜሪካ ዜግነት ለቪኤ ሕክምና መስፈርት አይደለም፤ በግሪን ካርድ ያገለገለ ሰውም እኩል መብት አለው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ለይተው እንዲይዙ አደራ እላለሁ፤ በማኅበረሰባችን ውስጥ ብዙ ሰው የሚጎዳው እነዚህን በማደባለቅ ነውና። የሕክምና ምዝገባና የአካል ጉዳት ካሳ፣ ማለትም ከአገልግሎት ጋር ለተያያዘ ጉዳት ወይም ሕመም በየወሩ የሚከፈለው ገንዘብ፣ ሁለት የተለያዩ ማመልከቻዎች ናቸው፤ በቪኤ ውስጥ የሚያዩአቸውም ሁለት የተለያዩ ክፍሎች ናቸው። ለሕክምና የሚሞላው ቅጽ 10-10ኢዜድ ይባላል፤ ለካሳ የሚሞላው 21-526ኢዜድ ነው። አንዱን ያስገባ ሰው ሌላውን አስገብቷል ማለት አይደለም። አንድ ሰው ለዓመታት በቪኤ ሲታከም ኖሮ ካሳ አለመጠየቁን የሚያውቀው ዘግይቶ ሲሆን አይቻለሁ፤ ያለፈው ገንዘብ ደግሞ አይመለስም። እርስዎ ሁለቱንም እንዲያስገቡ እመክራለሁ።

ከሕክምናው ምዝገባ ብንነሣ፣ ዛሬ ቢያመለክቱ ቪኤ የሚመድብዎት በምድብ 6 ይሆናል። በዚህ ምድብ ሳሉ ከመጋለጡ ጋር ሊያያዝ ለሚችል ሕመም የሚደረግልዎት ሕክምና ክፍያ የለበትም። ከዚያ ጋር ለማይያያዘው ሕመም ግን ኮፔይ፣ ማለትም ታካሚው ራሱ የሚከፍለው ድርሻ፣ ይኖራል፦ ለመደበኛ ሐኪም 15 ዶላር፣ ለስፔሻሊስት 50 ዶላር፣ ለመድኃኒትም እንደ ዓይነቱ ለ30 ቀን 5፣ 8 ወይም 11 ዶላር ሲሆን የመድኃኒቱ ኮፔይ በዓመት ከ700 ዶላር አያልፍም። ቅጹ ስለ ቤተሰብ ገቢ ይጠይቅዎታል፤ ይህን ሲያዩ የ2019ኙን አስታውሰው እንዳይደናገጡ። አሁን ገቢዎ የሚያገለግለው የክፍያና የመጓጓዣ ጉዳዮችን ለመወሰን እንጂ እርስዎን ለመመለስ አይደለም። ማመልከቻው በቪኤ ድረ ገጽ፣ በ877-222-8387 ስልክ ወይም በአካል በቪኤ ሆስፒታል ይቀርባል። ከተመዘገቡ በኋላ ቢያንስ በየ5 ዓመቱ የሚደረግ የመጋለጥ ምርመራ አለ፤ ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ጥያቄና መልስ ነው። ሳይደረግልዎት ከቀረ ራስዎ ይጠይቁ።

ይበልጥ የምዘገይበት የካሳው ጉዳይ ነው፤ የሕክምና ምድብዎን የሚወስነውም እርሱ ነው። ከአገልግሎት በኋላ የታወቀ አስም በፓክት አክት ከአገልግሎት ጋር እንደተያያዘ ከሚቆጠሩት ሕመሞች አንዱ ነው። ሥር የሰደደ የሳይነስና የአፍንጫ ብግነት፣ ሥር የሰደደ ብሮንካይተስ፣ የሳንባ ጠባሳና ልዩ ልዩ ካንሰሮችም በዚያው ዝርዝር አሉ፤ ስለ አፍንጫዎ መታፈንም ስለጻፉ ይህ በሐኪም የተረጋገጠ ከሆነ አብረው ያስገቡት። በተለመደው አሠራር አመልካቹ ሦስት ነገር ማስረዳት አለበት፦ አሁን መታመሙን፣ በአገልግሎት ላይ የደረሰበት ነገር መኖሩን፣ ሁለቱም የተያያዙ መሆናቸውን። ሦስተኛው በሐኪም ማስረጃ ለማስረዳት እጅግ አስቸጋሪ ነው። እርስዎ ግን ጅቡቲ መኖርዎን በሰነድ፣ አስም መያዝዎን በሐኪም ማስረጃ ካቀረቡ ሕጉ ግንኙነቱን ራሱ ይገምታል። ወታደር እያሉ ክሊኒክ አለመሄድዎም ጉዳዩን አያበላሽብዎትም።

የአስም ጉዳት መጠን የሚለካው በሳንባ ትንፋሽ ምርመራና በሚወሰደው መድኃኒት ነው። የቪኤ መመዘኛ አልፎ አልፎ የአየር ቧንቧ ማስፊያ ለሚወስድ ሰው 10 በመቶ፣ በየቀኑ ለሚወስድ ወይም ብግነት የሚቀንስ ኢንሄለር ለሚጠቀም ሰው 30 በመቶ ይሰጣል፤ በዓመት ቢያንስ ሦስት ጊዜ የሚዋጥ ወይም የሚወጋ ስቴሮይድ ለሚታዘዝለት ደግሞ 60 በመቶ። እንግዲህ በየቀኑ ስለሚወስዱት ኢንሄለር የሚያስረዳው የመድኃኒት ቤት ዝርዝርዎ ከማንኛውም ረጅም ደብዳቤ የበለጠ ዋጋ አለው። ከ2017 ጀምሮ የታዘዘልዎትን ሁሉ ከመድኃኒት ቤቱ ያስወጡ፤ ድንገተኛ ክፍል ሄደው ስቴሮይድ የተሰጠዎት ጊዜ ካለም የዚያን ቀን መዝገብ ያግኙ። 30 በመቶ ከተወሰነልዎት ወደ ምድብ 2 ይሸጋገራሉ፤ 10 ወይም 20 በመቶ ቢሆን ምድብ 3፤ ከሌላ ጉዳት ጋር ተደምሮ 50 በመቶ ከደረሰ ምድብ 1። ከ10 በመቶ ጀምሮ የሐኪም ቤት ኮፔይ ይቀራል፤ 50 በመቶ ሲደርስ የመድኃኒቱም ይቀራል። ወርኃዊው ካሳ ግብር አይከፈልበትም።

ካሳው የሚቆጠረው በአብዛኛው ካመለከቱበት ቀን ጀምሮ ስለሆነ፣ ሰነድ እስኪሟላ አይጠብቁ። የማመልከት ሐሳብ ማስታወቂያ የሚባል አጭር ቅጽ አለ፤ እርሱን ካስገቡ ሙሉውን ማመልከቻ ለማዘጋጀት አንድ ዓመት ያገኛሉ፤ ሲወሰንልዎትም ክፍያው ካስታወቁበት ቀን ጀምሮ ይታሰባል። የካሳውን ማመልከቻ በኢንተርኔት መጀመርም ይህንኑ ቀን ያስይዝልዎታል።

ስለ ሰነድ ካነሣን፣ በጣም አስፈላጊው ዲዲ 214 የተባለው የስንብት ወረቀት ነው፤ የስንብቱን ዓይነት የሚያሳየው አራተኛው ቅጂ ነው። በሳጥን 24 የአገልግሎትዎ ዓይነት፣ በሳጥን 18 ማስታወሻ ሥር ደግሞ የተመደቡበት አገር ሊሰፍር ይገባል። ጅቡቲ እዚያ ካልተጻፈ የምደባ ትእዛዝዎን፣ በዚያ ጊዜ የተጻፈ የሥራ ምዘና ወይም የሜዳልያ ወረቀት ያያይዙ። ወረቀቱ ከጠፋብዎት ሚዙሪ፣ ሴንት ሉዊስ ከሚገኘው ብሔራዊ የሠራተኞች መዝገብ ማዕከል ያለ ክፍያ ይጠየቃል። አንድ የእኛው ልዩ ችግርም አለ፦ ስማችን። በማቭኒ የገቡ ብዙ ወጣቶች ሥልጠና ላይ ሳሉ ዜግነት ሲወስዱ የአባት ስማቸው እንደ ቤተሰብ ስም፣ የአያት ስማቸው አንዳንዴ እንደ መካከለኛ ስም ተጽፏል፤ አጻጻፉም ከወረቀት ወረቀት ይለያያል። የልደት ቀንም ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲመለስ የተሳሳተበት ሰው ጥቂት አይደለም። በዲዲ 214፣ በሶሻል ሴኩሪቲ ካርድና በፓስፖርት ላይ ያለው እንዲገጥም አስቀድመው ይመልከቱ፤ የተለያየ ከሆነ ልዩነቱን በማመልከቻው ላይ በግልጽ ይጻፉት።

ማመልከቻው ከገባ በኋላ ቪኤ ወይም እርሱ የወከለው ሐኪም ለምርመራ ሊጠራዎት ይችላል። ቀጠሮው እንዳያልፍዎት፤ ካለ በቂ ምክንያት መቅረት ማመልከቻውን ሊያስጥል ይችላል። በዚህ ምርመራ ላይ የእኛን ሰው የሚጎዳው ጨዋነቱ ነው። ሐኪሙ እንዴት ነዎት ብሎ ሲጠይቅ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ ብለን እንመልሳለን፤ ሐኪሙም በሽተኛው ምንም አላማረረም ብሎ ይመዘግባል። ይህ አንድ መስመር በውሳኔው ወረቀት ላይ ተጠቅሶ አንብቤ አውቃለሁ። እርስዎ የሚጠበቅብዎት እውነቱን በልኩ መናገር ነው፦ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚነሡ፣ ደረጃ ሲወጡ የት ላይ እንደሚቆሙ፣ ባለፈው ክረምት ከሥራ ስንት ቀን እንደቀሩ። ከዚህ ጋር ብዙ ወንድሞችና እኅቶች የሚያነሡትን ሐሳብ ልመልስ፤ ከእኔ የባሰ የተጎዳ አለ፣ የእርሱን ድርሻ አልሻማም ይላሉ። ይህ ከልብ የመነጨ ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን ካሳው በሕግ የተወሰነ መብት እንጂ በኮታ የሚከፋፈል እርዳታ አይደለም። የእርስዎ መጠየቅ ከማንም ላይ አይቀንስም።

ማመልከቻውን ለማዘጋጀት ለማንም እንዳይከፍሉ። የመጀመሪያ ማመልከቻ ለማዘጋጀት ገንዘብ መቀበል በሕግ የተከለከለ ነው፤ የካሳዎን መቶኛ እናስጨምርልዎታለን እያሉ ከሚመጣው ገንዘብ ድርሻ የሚጠይቁ ድርጅቶች ግን በዝተዋል። እንደ አሜሪካን ሌጅን፣ ዲኤቪና ቪኤፍደብሊው ያሉት የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት በቪኤ የታወቁ ተወካዮች አሏቸው፤ እርስዎ የሚኖሩበት የቨርጂኒያ ግዛትም ለዚሁ የተቋቋመ መሥሪያ ቤት አለው። ሁሉም ያለ ክፍያ ይሠራሉ።

የመሥሪያ ቤትዎ ኢንሹራንስ አይነካም፤ እንዳይሰርዙትም እመክራለሁ። ቪኤ ከአገልግሎት ጋር ላልተያያዘ ሕመም ሲያክምዎት ኢንሹራንስዎን ክፈል ብሎ ይጠይቃል፤ ኢንሹራንሱ ባይከፍል የቀረውን ሂሳብ ከእርስዎ አይጠይቅም፤ የእርስዎ ድርሻ ኮፔዩ ብቻ ነው። አስሙ ከአገልግሎት ጋር የተያያዘ መሆኑ ሲወሰን ግን ለእርሱ ሕክምና ኢንሹራንስዎን አያስከፍልም። ኢንሹራንሱን የሚያቆዩበት ሌላም ምክንያት አለ፦ የቪኤ ሕክምና ለእርስዎ ብቻ ነው፤ ባለቤትዎን አይሸፍንም። የትዳር ጓደኛንና ልጆችን የሚሸፍነው ቻምፕቪኤ የተባለው ፕሮግራም ጉዳቱ ሙሉና ቋሚ ለተባለለት ወታደር ቤተሰብ ወይም በአገልግሎት ጉዳት ለሞተ ወታደር ቤተሰብ ነው። ጥርስም አብዛኛው ሰው እንደሚያስበው አይደለም፤ ሙሉ የጥርስ ሕክምና በዋናነት ጉዳታቸው 100 በመቶ ለሆነ ነው።

እናትዎ በቪኤ ሊታከሙ አይችሉም። ሆኖም ካሳዎ 30 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ለባለቤትዎ ተጨማሪ ክፍያ ይታሰባል፤ በእርስዎ የሚተዳደሩ ወላጅም ካሉ እንዲሁ። እናትዎ የራሳቸው ገቢ ከሌላቸው ወይም ጥቂት ከሆነ የወላጅ ጥገኝነት ማመልከቻ ያስገቡ። ስለዚህ ክፍያ የሚያውቅ ሰው ከእኛ መካከል ብዙም አላገኘሁም፤ ወላጁን ይዞ የሚኖረው ግን ብዙ ነው።

በደብዳቤዎ መጨረሻ እንቅልፍ እንደሚያጡና ለማንም እንዳልነገሩ በአንድ መስመር ጽፈዋል፤ ሳልመልስ ላልፈው አልፈልግም። ቬት ሴንተር የሚባሉት የምክር ማዕከላት በጦርነት ቀጣና ላገለገለ ሰው ያለ ክፍያ ክፍት ናቸው፤ በቪኤ መመዝገብም አይጠይቁም፤ መዝገባቸውም ያለ እርስዎ ፈቃድ ወደ ሌላ አይሄድም። ነገሩ ከከበደ 988 ደውለው 1 ቁጥርን ይጫኑ፤ ሌሊትም ቀንም የሚመልስ ሰው አለ። ሕይወቱን ለማጥፋት ያሰበ የቀድሞ ወታደር ከጥር 17 ቀን 2023 ወዲህ በቪኤም ሆነ በሌላ ሆስፒታል ድንገተኛ ሕክምና ያለ ክፍያ ያገኛል፤ ለዚህም ምዝገባ አያስፈልግም።

የመጨረሻው ጉዳይ ርቀትና ድንገተኛ ሕመም ነው። በ2018 በወጣው ሚሽን አክት መሠረት የቪኤ መደበኛ ሐኪም ዘንድ ለመድረስ በአማካይ ከ30 ደቂቃ በላይ፣ ስፔሻሊስት ዘንድ ለመድረስ ከ60 ደቂቃ በላይ መንዳት የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ወይም ቀጠሮው ለመደበኛው ከ20 ቀን፣ ለስፔሻሊስቱ ከ28 ቀን በላይ የሚዘገይ ከሆነ፣ ቪኤ ከፍሎ በአቅራቢያዎ ባለ የግል ሐኪም እንዲታከሙ መጠየቅ ይችላሉ። አስሙ ሌሊት ቢነሣብዎት ግን ፈቃድ አይጠብቁ፤ 911 ደውለው ወደ ቅርቡ ሆስፒታል ይሂዱ፤ ከዚያም ሆስፒታሉ ወይም ባለቤትዎ በ72 ሰዓት ውስጥ በ844-724-7842 ለቪኤ ያሳውቁ። ይህን ቁጥር ባለቤትዎ ስልክ ላይ አሁኑኑ ይመዝግቡት። ቪኤ የዚህን ዓይነት ሂሳብ ለመክፈል ከሚመለከታቸው ነገሮች አንዱ ባለፉት 24 ወራት ውስጥ በቪኤ መታከምዎን ነው፤ ስለዚህ ምዝገባዎ እንደጸደቀ የመጀመሪያውን የሐኪም ቀጠሮ ሳያዘገዩ ይያዙ።